የሚደበቀውና የማይደበቀው

ሻጩ ሁለት ግዙፍ ስፒከሮች ከፊት አቁሟል። ደንበኞቹ ወንበር ይዘዋል። ሙዚቃው ሲለቀቅ ክፍሉ ይሞላል፣ ከበሮው ደረት ይመታል። ከእነዚያ ግዙፍ ሣጥኖች ይህ ድምፅ ቢወጣ ማንም አይገረምም። ከዚያ ሻጩ ጠጋ ብሎ የሣጥኖቹን ገላ ብድግ ያደርገዋል። ለካ ባዶ ቀፎ ኖሯል! ከስሩ የቀሩት ጡጫ የሚያህሉ ትናንሽ ኩቦች ናቸው፤ ሙዚቃውም አልተቋረጠም። ቦዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በማሳያ ክፍሎቹ ሲያዘወትረው የኖረው ይህ ትርዒት የብዙ ሰው ኪስ ፈትቷል።

ትርዒቱ ማጭበርበር አልነበረም። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1987 ገበያ የወጣው አኩስቲማስ 5 የተባለው ዕቃ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ሁለት መንታ ኩቦችና ከሶፋ ጀርባ የሚገባ አንድ ሣጥን ነበር። ቀጭኑ ድምፅ ከኩቦቹ፣ ወፍራሙ ከተደበቀው ሣጥን ይወጣል፤ ጆሮ ግን ሁሉንም ከኩቦቹ እንደመጣ ይቆጥረዋል። ዛሬ አብዛኛው "ዘናጭ" ሆም ቲያትር፣ ከቻይና የመጣውም ሆነ ከዴንማርክ፣ የሚተዳደረው በዚሁ ብልሃት ነው። ስለዚህ ለሳሎን የሚያምር የዙሪያ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ከዋጋና ከቀለም በፊት ማወቅ ያለበት ምን ተደብቆ ደህና እንደሚሠራ፣ ምን ሲደበቅ ደግሞ እንደሚበላሽ ነው።

የኩባንያው መሥራች አማር ቦዝ በ1929 ፊላደልፊያ ውስጥ ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በማሴር ተፈልጎ ከቤንጋል የተሰደደ ሰው ሲሆን፣ ልጁ በጉርምስናው ራዲዮ እየጠገነ ቤተሰቡን ይደጉም ነበር። በ1956 በኤም አይ ቲ የዶክትሬት ትምህርቱን ሲጨርስ ለራሱ ሽልማት ብሎ ስቴሪዮ ገዛ። የዕቃው መግለጫ ላይ የሰፈሩት ቁጥሮች ድንቅ ነበሩ። ልጅ ሆኖ ቫዮሊን የተማረው ቦዝ ግን ሲያዳምጠው ቅር አለው፤ ቁጥሩና ጆሮው ለምን እንደተጣሉ ለማወቅም ምርምር ገባ። በኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ አድማጩ ዘንድ የሚደርሰው አብዛኛው ድምፅ በቀጥታ ሳይሆን ከግድግዳና ከጣሪያ ተመልሶ መሆኑን ያዘ። በ1968 ያወጣው 901 የተባለው ስፒከር ዘጠኝ ድምፅ ማውጫዎች ሲኖሩት አንዱ ብቻ ወደ አድማጭ፣ ስምንቱ ወደ ግድግዳ ዞረው ነበር። የሙዚቃ መሣሪያ ተቺዎች በዚህ ስፒከር እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ያም ሆኖ ግድግዳው የዕቃው አካል መሆኑን ለተራው ገዢ ያስተማረ ሰው ቢጠራ ቦዝ ከፊት ይሰለፋል።

አሁን ወደ ተደበቀው ሣጥን። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። የ20 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 20 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ድምፅ አንድ ሞገድ 17 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ የ80 ሄርዙ 4.3 ሜትር፤ የ3,000 ሄርዙ 11 ሴንቲ ሜትር። ሰው የድምፅን አቅጣጫ የሚለየው በሁለት ጆሮዎቹ መካከል ያለውን የጊዜና የጥንካሬ ልዩነት አመዛዝኖ ነው። አራት ሜትር የሚረዝም ሞገድ ግን ጭንቅላትን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ዞሮት ያልፋል፣ ከግድግዳ ግድግዳም እየተላተመ ክፍሉን ያዳርሰዋል። ለዚህ ነው ከ80 ሄርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ለመለየት የሚያስቸግረው። ዉፈሩ፣ ያ የተደበቀው ሣጥን፣ ከብፌው ጎን ይሁን ከሶፋው ጫፍ፣ ወይም የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ጥግ ይቁም፣ ቅንጅቱ እስከተስተካከለ ድረስ አድማጭ አቅጣጫውን አያውቅም።

ቀጭኑ ድምፅ እንዲህ ቸር አይደለም። አሥር ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ሞገድ መጋረጃ ይውጠዋል፣ የብፌ በር ይመልሰዋል፣ ምንጩም ወዲያው ይታወቃል።

ችግሩ ያለው ሁለቱ በሚገናኙበት ስፌት ላይ ነው። አንድ ስፒከር ያንኑ የድምፅ መጠን በአንድ ኦክታቭ (በሄርዝ በግማሽ) ዝቅ አድርጎ ለማውጣት ከፈለገ ገጹ አራት እጥፍ ርቀት ወደፊትና ወደኋላ መመላለስ አለበት። ጡጫ የሚያህል ኩብ ይህን አይችልም፤ ከመቶ ሄርዝ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሥራውን ይለቃል። የተወውን ደግሞ የተደበቀው ሣጥን ማንሳት አለበት። ሣጥኑ ወደ 150 እና 200 ሄርዝ ሲወጣ መደበቂያው ይጋለጣል፤ የጎልማሳ ወንድ የድምፅ መሠረት ከ100 ሄርዝ አካባቢ ስለሚጀምር ዜና አንባቢው ግማሹ ከቴሌቪዥኑ፣ ግማሹ ከሶፋው ጀርባ ይናገራል። በኩብ ያጌጡ ብዙ ሲስተሞች ላይ የሚነሳው ቅሬታ ይኸው ነው። የሚያምር ግን የማይጎድል ዕቃ የሚሻ ሰው ከኩብ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ፣ ቢያንስ እስከ 80 ወይም 100 ሄርዝ የሚወርድ ስፒከር ቢመርጥ ይበጀዋል። ቁጥሩ በመግለጫ ወረቀቱ ላይ ይገኛል። ካልተገኘም ያው መልስ ነው።

ለመሆኑ ድምፅን በሰው ዙሪያ ማዞር የማን ሐሳብ ነበር? ዋልት ዲስኒ "ፋንታሲያ" የተባለውን ፊልም በኅዳር 1940 በኒውዮርኩ ብሮድዌይ ቲያትር ሲያስመርቅ፣ መሐንዲሶቹ ፋንታሳውንድ ያሉትን ባለ ብዙ መስመር የድምፅ ሥርዓት ዘርግተውለት ነበር። የሙዚቃ መሪው ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ ኦርኬስትራ ከመጋረጃው ግራና ቀኝ አልፎ በአዳራሹ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ዋጋው ግን የማይቀመስ ነበር፤ ጦርነቱም ደረሰ፤ ሥርዓቱ ከጥቂት አዳራሾች አልዘለለም።

ዛሬ ቤት ውስጥ የገባው ቅርጽ የተወለደው በ1979 "አፖካሊፕስ ናው" ላይ ነው። ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ የቬትናምን ጦርነት ፊልም ሲሠራ የድምፁን ሥራ ለዋልተር መርች ሰጠው። መርች የፈለገው ሄሊኮፕተር በተመልካቹ አናት ላይ ሲዞር እንዲሰማ ነበር። እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው ሲኒማ ቤት የኋላ ስፒከሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሚያወጡ ዙር አይቻልም ነበር። ስለዚህ የኋላው ግራና ቀኝ ተብሎ ተከፈለ፤ ፊት ላይ ግራ፣ መሐልና ቀኝ፤ ለፍንዳታና ለጉርምርምታ ደግሞ የራሱ መስመር። ፊልሙ ሲከፈት ምስሉ ከመድመቁ በፊት የሄሊኮፕተሩ ክንፍ ድምፅ አዳራሹን ይዞራል። መርች በዚህ ሥራው ኦስካር ወሰደ፤ "ሳውንድ ዲዛይነር" የሚለው የሙያ ስምም በዚያው ፊልም ተጻፈለት።

ለዚህ ቅርጽ መጠሪያ ቁጥሩን የሰጠው ሌላ ሰው ነው። በ1987 የፊልም መሐንዲሶች ዲጂታል ድምፅ ስንት መስመር ይኑረው ብለው ሲወያዩ፣ በፊልም ኩባንያው ሉካስፊልም ውስጥ ቲ ኤች ኤክስ የተባለውን የሲኒማ ድምፅ ደረጃ ያበጀው ቶምሊንሰን ሆልማን "5.1" አለ። አምስቱ ሙሉ መስመሮች ናቸው። ነጥብ አንዱ እስከ 120 ሄርዝ ብቻ የሚሠራ፣ ከሙሉው ስፋት ሽርፍራፊ የሚወስድ የወፍራም ድምፅ መስመር ነው። በ1992 "ባትማን ሪተርንስ" ዶልቢ ዲጂታል በተባለው ባለ 5.1 ድምፅ ታየ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ዲቪዲ አሜሪካ ገበያ ሲገባ ያው ድምፅ ወደ ብዙ ሳሎን መግባት ጀመረ። በ2012 ዶልቢ አትሞስ መጣ፤ ድምፁን ለአንድ ስፒከር ከመመደብ ይልቅ "ይህች ወፍ እዚህ ከፍታ ላይ ናት" ብሎ ቦታውን መዝግቦ፣ የትኛው ስፒከር ያውጣው የሚለውን ለክፍሉ መሣሪያ የሚተው ዘዴ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የቤት ዕቃዎችም ያዙት።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ መስመሮች በጣም የሚደክመው የመሐሉ ነው። የፊልም ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከእሱ ነው። ሲኒማ ቤት ውስጥ መጋረጃው በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳ ስለሆነ ስፒከሩ ከጀርባው ተቀምጦ ድምፁ ከተዋናዩ አፍ ይወጣል። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን አይበሳሳም። ሶኒ በ2017 ባወጣው ኤ1 በተባለው ቴሌቪዥን ስክሪኑን ራሱን እያንቀጠቀጠ ድምፅ በማውጣት ይህን ለመፍታት ሞክሯል፤ ሐሳቡ ግሩም ነው። ለሌላው ገዢ ግን የመሐሉ ስፒከር ቦታ ከስክሪኑ ስር ወይም በላይ፣ ፊቱ ወደ አድማጭ ጆሮ ያዘነበለ ነው።

እዚህ ላይ ነው ውበትና ድምፅ ክፉኛ የሚጣሉት። የመሐሉ ስፒከር ለዓይን አስቸጋሪ ነው፤ ረጅም ነው፣ ጥቁር ነው፣ የብፌውን መስመር ያበላሻል። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ወይም የሠርግ ፎቶና ሰው ሠራሽ አበባ ይደረደርበታል። ከዚያ ቤተሰቡ "የፈረንጅ ፊልም ንግግሩ አይሰማ፣ ተኩሱ ጆሮ ይበጥስ" ብሎ ያማርራል። የንግግርን ቃል ከቃል የሚለየው ከ1,000 እስከ 4,000 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ነው፤ የጠ፣ የቀና የጨ ፍንጥቅታም የሚኖረው እዚያ ከፍ ብሎ ነው። ከሣጥኑ ሁሉ እንዳይደበቅ የሚለመንለት አንድ ቢኖር ይኸው የመሐሉ ነው።

ዳንቴልስ? የአዲስ አበባ ሳሎን ያለ ዳንቴል አይታሰብምና ጥያቄው ተገቢ ነው። በእጅ የተሠራ፣ ዓይኑ ሰፋ ያለ ዳንቴል ስፒከር ላይ ቢንጠለጠል ድምፁን እምብዛም አይጎዳም፤ አየሩ በቀዳዳው ያልፋል። ከፋይ ወይም ወፍራም ጨርቅ ግን ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፦ ዳንቴሉ አምፕሊፋየሩ አናት ላይ ያለውን የሙቀት መውጫ ሲሸፍነው። እዚያ ላይ ምንም ነገር፣ ሪሞትም ቢሆን፣ አይቀመጥም።

የኮንዶሚኒየም ሳሎን ለድምፅ ፈታኝ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ኮርኒሱ ኮንክሪት። አንድ ጊዜ ቢያጨበጭቡ ድምፁ ይንጫጫል። የመጀመሪያው ሺህ ብር ለስፒከር ሳይሆን በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መሐል ለሚነጠፍ ወፍራም ምንጣፍ ቢወጣ አይቆጭም፤ ቀጥሎ ለወፍራም መጋረጃ። መጽሐፍ የሞላበት መደርደሪያም ሞገዱን ስለሚበታትን ይረዳል። ጌጥ ተብለው የሚገዙት እነዚህ ዕቃዎች ከብዙ ውድ ገመድ የተሻለ ሥራ ይሠራሉ።

ወፍራሙን ድምፅ ግን ምንጣፍ አያስታግሰውም። አራት ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል ውስጥ 43 ሄርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ይቆማል፤ ግድግዳው ስር ይጎላል፣ ክፍሉ መሐል ይጠፋል። የእኛ አገር ሶፋ ግድግዳ ተደግፎ የሚደረደር ስለሆነ የቤቱ እንግዶች ሁሉ የሚቀመጡት ወፍራሙ ድምፅ (ቤዙ) በሚበዛበት ቦታ ነው። ሶፋውን ትንሽ ወደፊት መሳብ ይረዳል፤ ካልተቻለ የዉፈሩን መጠን መቀነስ። ለዉፈሩ ቦታ መምረጫ አንድ የቆየ ዘዴ አለ፦ ዉፈሩን ሰው በሚቀመጥበት ሶፋ ላይ አስቀምጦ ቤዝ ያለበትን ዘፈን መክፈት፣ ከዚያ በግድግዳው ስር እየዳኹ ማዳመጥ። ቤዙ ሳያብጥና ሳይጎድል የተሰማበት ቦታ ላይ ዉፈሩን ማኖር። ጎረቤት በመስኮት ካየ ማስረዳት ያስቸግራል፤ ውጤቱ ግን ያስተማምናል።

የኋላዎቹ ጥንዶች ደግሞ ስማቸው ያሳስታል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለ5.1 ያወጣው ምክረ ሐሳብ የፊቶቹን ከመሐል 30 ዲግሪ ግራና ቀኝ፣ የኋላዎቹን ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ያደርጋቸዋል። ይህ ማለት ከጎን፣ ጥቂት ብቻ ወደኋላ። ሶፋው ግድግዳ የተደገፈበት ሳሎን ውስጥ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ከሶፋው ጀርባ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም፤ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትንሽ ከፍ ብለው በጎን ግድግዳ ላይ ቢሰቀሉ ይበቃል። ብዙ ሰው ግን ከኮርኒሱ ስር በኋላ ማዕዘን ይሰቅላቸዋል፤ የፊልሙ ዝናብ የሚዘንበው ጎረቤት ቤት ይመስለዋል።

ከስፒከሩ አጠገብ የሚቀመጠውስ? ሄልሙት ሃስ የተባለ ጀርመናዊ በ1949 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት፣ አንድ ድምፅ ከሁለት ቦታ በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ልዩነት ሲደርስ ጆሮ ሁለቱን አንድ አድርጎ፣ ምንጩንም ቀድሞ ከደረሰው ወገን እንደሚቆጥረው አሳይቷል። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ሪሲቨሩ (የዲሹ ሳይሆን ስፒከሮቹን የሚነዳው) እያንዳንዱ ስፒከር ከሶፋው ስንት ሜትር እንደሚርቅ ሲጠይቅ መልሱን በሜትር ለክቶ መስጠት ይገባል። የቅርቡን ያዘገየዋል፣ ሁሉም እኩል ይደርሳሉ። ብዙዎቹ ዕቃዎች ለዚህ ማይክሮፎን አብሮ ይመጣላቸዋል፤ ከካርቶኑ ሳይወጣ የሚቀር ማይክሮፎን ግን ብዙ ነው።

ዘናጭነትን በመደበቅ ሳይሆን በማሳየት የፈቱትም አሉ። ባንግ ኤንድ ኦሉፍሰን በ1925 ስትሩዌር በተባለች የዴንማርክ ከተማ በሁለት ወጣት መሐንዲሶች ተመሠረተ። በ1978 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ዲዛይነሩ ያኮብ ዬንሰን ለኩባንያው የሠራቸውን ዕቃዎች ለብቻቸው በዐውደ ርዕይ አሳየ። በ1992 ዴቪድ ሉዊስ የነደፈው ቤዮላብ 8000 ደግሞ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ታቹ እንደ እርሳስ የሾለ ቀጭን ዓምድ ነበር። ስፒከር የሚባል ነገር በዚያ መልክ ሊቆም ይችላል ብሎ ያሰበ ብዙ አልነበረም። ቀጭን ሆኖ እንዲበቃ ያደረገው በሆዱ ውስጥ የራሱ አምፕሊፋየር መኖሩ ነው፤ መሐንዲሱ ስፒከሩን ስለሚያውቀው የጎደለውን አስቀድሞ ያካክሳል። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ለሌላው ሰው የቤት ዕቃ ሻጩ አይኬያና የስፒከር አምራቹ ሶኖስ በ2019 ሲምፎኒስክ በሚል ስም ስፒከርን ከጠረጴዛ መብራትና ከመጽሐፍ መደርደሪያ ጋር አዋሕደው አቅርበዋል።

ሳውንድ ባር ሦስተኛው መንገድ ነው። ያማሃ በ2004 ይዞት የመጣው ዋይ ኤስ ፒ 1 በአንድ ሰሌዳ ላይ 40 ትናንሽ ስፒከሮችን ደርድሮ፣ የእያንዳንዱን ድምፅ በጥቂቱ እያዘገየ ጨረር ሠራ፤ ጨረሩ ከጎን ግድግዳ ተላትሞ ከአድማጩ ጀርባ እንደመጣ ይሰማል። ቦዝ ወደ ግድግዳ ያዞራቸው ስምንቱ ስፒከሮች በሌላ መልክ ተመለሱ ማለት ይቻላል። ዛሬ ወደ ኮርኒስ የሚተኩሱት የአትሞስ ባሮችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ቅድመ ሁኔታው የሚላተሙበት ነገር መኖሩ ነው፤ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ኮርኒስ ያለው ቤት እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ በአንድ ወገን ግድግዳ የሌለው፣ ወደ መመገቢያ ክፍል የተከፈተ ወይም የጎኑ ግድግዳ በመጋረጃ የተሸፈነ ሳሎን ግን ጨረሩን ውጦ ያስቀራል። በዚህ ጊዜ ለ"5.1.2" (የመጨረሻው ሁለት የከፍታ መስመሮቹ ናቸው) የተከፈለው ገንዘብ በሁለት መስመር ይቀራል። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ቤቱን ማየት አለበት፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን ፎቶ አይደለም። በዚያ ፎቶ ላይ ገመድም አይታይም። "ዋየርለስ" የተባለው የኋላ ስፒከር የድምፅ ገመድ የለውም እንጂ የመብራት ገመድ አለው፤ ከሶፋው ጎን ሶኬት ከሌለ ኤክስቴንሽን መጎተቱ አይቀርም። የተራው ስፒከር ቀጭን ገመድ በዞኮሎው ላይ አልፎ በግድግዳው ቀለም ቢቀባ አንዳንዴ ከዋየርለሱ ይልቅ ይሰወራል።

ገበያ ላይ የቆመ ሰው ካርቶኑ ላይ "ፒ ኤም ፒ ኦ 5,000 ዋት" የሚል ጽሑፍ ያገኛል። ይህ ቁጥር ማንም ያልተስማማበት መለኪያ ውጤት ነው፤ ብልጭ ብሎ ለሚጠፋ ቅጽበት የተሰላ፣ ብዙ ጊዜ ከምናብ ጋር የሚዋሰን። እውነቱ ያለው ከዕቃው ጀርባ በተለጠፈው ትንሽ ወረቀት ላይ ነው። እዚያ ላይ የሚወስደው ኃይል 60 ዋት ከተባለ፣ ያለማቋረጥ ከዚያ በላይ የሚያወጣበት ተአምር የለም። ደግነቱ ዋት የሚታሰበውን ያህል አይወስንም፤ ድምፅ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። በ50 ዋትና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ስጦታም የራሱ ጣጣ አለው። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ነው፤ የኢትዮጵያው 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ። ከጀርባው "100–240" የሚል ካለበት የሶኬት መቀየሪያ ይበቃዋል። "120" ብቻ ከሆነ በቀጥታ መሰካት ማለት መሰናበት ነው፤ አቅሙ የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይቀይርም፤ ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ ዕቃም በ50 ሄርዝ ሲሠራ ሊግል ይችላል። ከዱባይ የመጣ ዕቃ በዚህ በኩል እረፍት ነው። ሁሉንም የሚያሰጋው ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል ንረት ነው፤ ሲጠፋ መንቀል፣ ካልሆነም ደህና ስታቢላይዘር ማስገባት።

ከቴሌቪዥኑ ወደ ድምፁ ዕቃ የሚሄደው ገመድ ኤችዲኤምአይ ቢሆን ይመረጣል፤ ከ2009 ጀምሮ በወጡ ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ "ኤ አር ሲ" የሚል ምልክት ያለበት ቀዳዳ አለ፤ በአንድ ገመድ ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ይመለሳል፣ ድምፅ መጨመርና መቀነሱም በአንድ ሪሞት ይሆናል። ኦፕቲካሉ ገመድ ዶልቢ ዲጂታል 5.1 ያስተላልፋል፤ ከዚያ የረቀቀው አያልፍበትም። ምንጩም መታየት አለበት። ከዩቲዩብ የሚታየው አብዛኛው የአማርኛ ፊልምና ድራማ በሁለት መስመር የተቀረጸ ነው። ሪሲቨሩ ከሁለቱ አምስት ሊፈጥር ይችላል፤ የሚፈጥረው ግን ግምት ነው። የኋላው ስፒከር ዝም ቢል ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፤ የሚለው ነገር ስላልተሰጠው ነው።

ከገዙ በኋላ ያለው ኑሮ በአብዛኛው ከጎረቤት ጋር ነው። ያ አቅጣጫ የሌለው ወፍራም ድምፅ ብሎኬት ግድግዳንና የፎቅ ወለልንም ያልፋል፤ የላይኛው ቤት ሰው ተኩሱን እንጂ ንግግሩን አይሰማም። ከዉፈሩ እግር ስር ወፍራም ስፖንጅ ማድረግ ወደ ወለሉ የሚገባውን ንዝረት ሊቀንስ ይችላል። ሌሊት ደግሞ በብዙ ሪሲቨርና ሳውንድ ባር ላይ ያለውን "ናይት ሞድ" መክፈት ነው፤ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል፤ የመርች ሄሊኮፕተር ይዳከማል፣ ሕፃን ግን አይነቃም። የልጆች ነገር ከተነሳ፣ የስፒከር እምብርት ለትንሽ ጣት የማይታለፍ ፈተና ነው፤ የሚወልቅ ሽፋን ያለው ከሆነ ሽፋኑ አይውለቅ።

ሁሉን ባንዴ መግዛት ግዴታ አይደለም። እንደ አቅም ሲገዛ የፊት ሦስቱ፣ ግራ፣ መሐልና ቀኝ፣ ይቀድማሉ፤ ሦስቱ ከአንድ ቤተሰብ መሆናቸው መኪና ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ ድምፁ እንዳይለወጥ ይረዳል። ዉፈሩ ይከተላል። የኋላዎቹ ጥንዶች ዓመት ቢቆዩም ችግር የለም፤ እስከዚያው ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ገብቶ የኋላ ስፒከር "የለም" የሚለውን መምረጥ ነው፤ ለእነሱ የታሰበውን ድምፅ ለፊቶቹ አካፍሎ ያጫውተዋል።